ለጌም ስብስባችሁ ስንት አወጣችሁ? የወጪ መከታተያ መንገዶች ሲነጻጸሩ

ጌም የሚሰበስብ ሰው «እስካሁን ስንት አውጥተሃል?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ያንሳል። እየዋሸ አይደለም። ኮንሶሉን ያስታውሳል፤ በወጣበት ቀን በሙሉ ዋጋ የገዛውን ጌምም ያስታውሳል። በቅናሽ ሳምንት የለቀማቸው አምስት ትናንሽ ጌሞች፣ ወርሃዊው የኦንላይን ክፍያ፣ ሁለተኛው ኮንትሮለር፣ ከዋናው ጌም በኋላ የወጣው ተጨማሪ ምዕራፍ ግን ከሐሳቡ ይወጣሉ። እኔም የራሴን ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ ብዬ ስደምር ከገመትኩት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነበር የቀረው። ከዚያ ወዲህ ደብተርም፣ አፕም፣ ሰንጠረዥም ሞክሬ፣ የትኛው ለምን እንደሚሆን ለይቻለሁ።

መሣሪያ ከመምረጣችሁ በፊት ጥያቄያችሁን ለዩ፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። «እስካሁን ከኪሴ ስንት ወጣ?» አንድ ጥያቄ ነው። «ያለኝ ስብስብ ዛሬ ገበያ ቢወጣ ስንት ይሸጣል?» ፍጹም ሌላ ጥያቄ ነው። «በዚህ ወር ከስንት በላይ አላውጣ?» ደግሞ ሦስተኛ። የመጀመሪያው ያለፈውን፣ ሁለተኛው ገበያውን፣ ሦስተኛው ገና ያልወጣውን ገንዘብ ይመለከታል። የገበያ ዋጋ ለማሳየት የተሠራ አፕ ወጪን ለማወቅ ሲያገለግል ደስ የሚያሰኝ ግን የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል፤ ይህን ከታች በደንብ እመለስበታለሁ።

መደብሩ ራሱ የያዘው መዝገብ

ያለፈውን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም፤ እናንተ ሳትደክሙ ተጽፎ የቆየ ነውና። የኮምፒውተር ጌሞች መደብር በሆነው በስቲም የአካውንት ዝርዝር ገጽ ላይ የግዢ ታሪክ የሚል አለ። ቀኑን፣ የተገዛውን ነገር፣ የተከፈለበትን መንገድና መጠኑን ይዘረዝራል። ገንዘብ የተመለሰላችሁ እንደሆነ ያም ለብቻው ረድፍ ሆኖ ስለሚታይ፣ ስትደምሩ መቀነሱን አትርሱ። ስቲም ግዢው 14 ቀን ካላለፈውና ጌሙን ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወታችሁት ገንዘብ ስለሚመልስ፣ ብዙ ጌም እየሞከራችሁ የምትመልሱ ከሆነ እነዚህ ረድፎች ድምሩን በደንብ ያዛቡታል።

ብዙ ተጫዋች የማያውቀው ሌላ ገጽም አለ። በስቲም የድጋፍ ክፍል ውስጥ ከአካውንታችሁ ጋር የተያያዙ መረጃዎች በተዘረዘሩበት ቦታ፣ ከውጭ የገባ ገንዘብን የሚያሳይ ማገናኛ ይገኛል። ስትከፍቱት ከጥቂት ቁጥሮች በቀር ምንም የለበትም፤ ጠቅላላ ወጪ ከሚለው ጎን የተቀመጠው በዶላር የተሰላው ድምራችሁ ነው። ተጫዋቾች እርስ በርስ በሚገበያዩበት የስቲም ማርኬት ላይ የጌም ካርድ ወይም ስኪን (የገጸ ባሕርይ ወይም የመሣሪያ መልክ) ሸጣችሁ ያገኛችሁት ሒሳብ ከውጭ ስላልገባ እዚህ አይቆጠርም፤ ይህ ጥሩ ነው። ከሌላ ሻጭ ኮድ ገዝታችሁ ስቲም ላይ ያስገባችሁት ጌምም ግን አይቆጠርም። ስለዚህ ቁጥሩን የወጪያችሁ ወለል አድርጋችሁ ያዙት፤ እውነተኛው ከዚያ በላይ ነው።

በፕሌይስቴሽን አካውንት ውስጥ የግብይት ታሪክ አለ፤ ኤክስቦክስ የተገዛውን በማይክሮሶፍት አካውንት የትእዛዝ ታሪክ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ኒንቴንዶም የራሱ አለው። በስልክ ለሚጫወት ሰው ጎግል ፕሌይ ከግዢ ታሪኩ ጋር ወርሃዊ በጀት ማስቀመጫ ይሰጣል፤ ይህ በጀት ግን ያሳስባል እንጂ ግዢውን አያግድም። አፕል ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ብዙ ትናንሽ ግዢዎችን በአንድ ክፍያ ጠቅልሎ ከካርድ ይቆርጣል። የባንክ መግለጫውን ብቻ ይዛችሁ የትኛው ገንዘብ ለየትኛው ጌም እንደሄደ ለማወቅ ብትሞክሩ ግራ ትጋባላችሁ፤ የግዢ ታሪኩን ጎን ለጎን መክፈት ግድ ነው።

የዚህ መንገድ ድክመት ግልጽ ነው። እያንዳንዱ መደብር የሚያውቀው ራሱን ብቻ ነው፤ ከጓደኛ የተገዛ አሮጌ ዲስክ፣ ኬብልና ሚሞሪ ካርድ የትም አይገኙም። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን መዝገቡ በእጃችሁ ያለ አለመሆኑ ነው። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 2023 3ዲኤስና ዊ ዩ በተባሉት የቆዩ ኮንሶሎቹ መደብሮች ላይ መግዛትን አቆመ። ማይክሮሶፍትም የኤክስቦክስ 360ን መደብር ጁላይ 29 ቀን 2024 ዘጋ። ጌም በኢንተርኔት ያጫውት የነበረው የጎግል ስታዲያ ጃንዋሪ 18 ቀን 2023 አገልግሎቱን ሲያቆም ለጌሞቹ የተከፈለው ገንዘብ ለገዢዎቹ ተመልሷል፤ እንዲህ ያለው መልካም አዘጋግ ግን የተለመደ አይደለም። ስለዚህ የመደብሩን ታሪክ ማንበብ ብቻ ሳይሆን ገልብጣችሁ የራሳችሁ አድርጉት። ኢሜላችሁ ውስጥ የቆዩ ደረሰኞችንም አትሰርዙ፤ መደብሩ ቢዘጋ እንኳ እነሱ ይቀራሉ።

ሰንጠረዥ፦ ኤክሴል፣ ጎግል ሺትስ፣ ሊብሬኦፊስ

የእኔ ምርጫ ይህ ነው፤ አልደብቅም። ምክንያቱም ሁሉንም ዓይነት ወጪ በአንድ ቦታ ይቀበላል፣ ማንም አይዘጋባችሁም፣ ጥያቄያችሁ ሲቀየር አንድ አምድ ትጨምራላችሁ። ያለበት ችግር አንድ ብቻ ነው፤ ራሳችሁ ካልጻፋችሁበት ባዶውን ይቀመጣል። ብዙዎች ሰንጠረዥ ጀምረው የሚተዉት በአምድ ብዛት ነው። ዘውግ፣ አሳታሚ፣ የወጣበት ዓመት፣ ኮከብ፣ የሽፋን ሥዕል ብለው ሃያ አምድ ከከፈቱ በኋላ አንድ ጌም ለመመዝገብ አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ በሦስተኛው ሳምንት ይሰለቻል።

ሰባት አምድ ይበቃል፦ ቀን፣ የጌሙ ወይም የዕቃው ስም፣ መጫወቻ መሣሪያው፣ ዓይነቱ፣ የከፈላችሁት፣ የሸጣችሁበት፣ ጀምራችሁት እንደሆነ። «ዓይነት» በሚለው ስር ጌም፣ ተጨማሪ ይዘት፣ ምዝገባ (በየወሩ ወይም በየዓመቱ የሚከፈል)፣ የጌም ውስጥ ገንዘብ፣ ዕቃ ብላችሁ አምስት ቃል ብቻ ተጠቀሙ። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ከያዛችሁ፣ ሳምኢፍ የሚባለው በሁኔታ የሚደምር ቀመር የእያንዳንዱን ዓይነት ድምር ለብቻ ያወጣላችኋል። አንዴ «ዲኤልሲ» አንዴ «ተጨማሪ» እያላችሁ ከጻፋችሁ ግን ድምሩ በሁለት ይከፈልና ያሳስታችኋል።

አስቸጋሪው ሥራ ቀመሩ አይደለም፤ ምን እንደሚቆጠር መወሰን ነው። እዚህ ላይ የየራሱ ምርጫ ያለው ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ከብዙ ማሻሻል በኋላ የረጋሁበትን ልንገራችሁ።

የምትጽፉት መጠን መደብሩ ያሳየው ዋጋ ሳይሆን ከሒሳባችሁ የወጣው ይሁን። ታክስ፣ ማጓጓዣ፣ በውጭ ገንዘብ ስትከፍሉ ባንኩ የሚይዘው ሁሉ ገብቶበት። ጎግል ሺትስ የምንዛሪ ተመን ራሱ የሚያመጣ ቀመር አለው፤ ነገር ግን ያ የገበያው ተመን ነው እንጂ ባንካችሁ የተጠቀመበት አይደለም። የባንክ መግለጫው ላይ ያለውን ቁጥር ጻፉ፤ ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም።

በጥቅል ስለሚሸጡ ጌሞች ብዙ ተጨንቄያለሁ። ጌሞችን በጥቅል የሚሸጠው ሀምብል ባንድል እ.ኤ.አ. በ2010 ከጀመረ ወዲህ አሥር ጌም በአንድ ዋጋ መግዛት የተለመደ ሆኗል። ገንዘቡን ለአሥር እኩል አካፍላችሁ ብትጽፉ ንጹሕ ይመስላል፤ ግን የፈለጋችሁት ሁለቱን ብቻ ነበር። አሁን የማደርገው ጥቅሉን በአንድ ረድፍ መጻፍ ነው። ገንዘቡ የወጣው አንድ ጊዜ ነው፤ ረድፉም አንድ ይሁን። ከጥቅሉ የተገኙትን ጌሞች በዜሮ ከስሩ መዘርዘር ለሚፈልግ ይችላል።

ምዝገባም እንዲሁ ነው። የጌም ፓስ ወይም የፕሌይስቴሽን ፕላስ ክፍያ በተከፈለ ቁጥር አንድ ረድፍ ይገባል፤ ዓመታዊ ከሆነ በዓመት አንድ። በምዝገባው ለተጫወታችኋቸው ጌሞች ለማካፈል አትሞክሩ፤ ማቆሚያ የሌለው ሒሳብ ነው። ኤፒክ ጌምስ የተባለው ኩባንያ የጌም መደብሩን እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ከከፈተ ጀምሮ በነጻ የሚሰጣቸው ጌሞችና የስጦታ ጌሞች በዜሮ ይመዝገቡ፤ ወይም ጭራሽ አይመዝገቡ። እኔ አልመዘግባቸውም፤ ሰንጠረዡ የወጪ ነውና።

የጌም ውስጥ ገንዘብ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የፎርትናይት ቪ-ባክስና የሮብሎክስ ሮበክስ ብዙ ጊዜ የሚሸጡት በተወሰነ መጠን በታሰረ ጥቅል ነው፤ የምትፈልጉት የገጸ ባሕርይ ልብስ ከጥቅሉ ያነሰ ዋጋ ካለው ትርፉ አካውንቱ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የምትመዘግቡት እውነተኛው ገንዘብ ወደ ቪ-ባክስ የተቀየረበትን ቅጽበት ነው፤ ቪ-ባክሱ በኋላ በምን እንደጠፋ ሌላ ጉዳይ ነው። ልብሱን በገዛችሁ ጊዜ ልመዝግብ ካላችሁ፣ አንድም ትረሱታላችሁ፣ አንድም ሁለቴ ትቆጥሩታላችሁ። ይህ ዓይነቱ ወጪ ሳይታወቅ የሚወጣ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ዲሴምበር 2022 ከፎርትናይት ሠሪው ከኤፒክ ጌምስ ጋር የደረሰበትን ስምምነት ይፋ ሲያደርግ፣ 245 ሚሊዮን ዶላሩ የተመደበው ሳይፈልጉ በተፈጸሙ ግዢዎች ለተጎዱ ተጫዋቾች ተመላሽ እንዲሆን ነበር። ከክሱ ነጥቦች አንዱ ግራ የሚያጋባው የቁልፎች አቀማመጥ ተጫዋቾችን በአንድ ጠቅታ እንዲገዙ አድርጓል የሚል ነው። ልጆች በካርዳችሁ የሚጫወቱ ከሆነ ይህን ዓይነት ወጪ በሰንጠረዡ ላይ ለብቻው ለይታችሁ እዩት።

ኮንሶሉንና ዕቃውን ልደምር ወይስ ልተው የሚል ጥያቄም ይነሳል። ደምሩት፤ ግን በዓይነቱ ለዩት። ኮንሶል በገዛችሁበት ወር ድምሩ ሰማይ ይነካል፤ የጌሞቹን ወጪ ለብቻ ማየት ካልቻላችሁ ያ ወር ሁሉንም ያዛባል።

የስብስብ አፖች

ቤታቸው በዲስክና በካርትሪጅ ለተሞላ ሰዎች እነዚህ ትልቅ እፎይታ ናቸው። ሲኤልዜድ ጌምስና ጌምአይ ባርኮዱን በስልክ ካሜራ አንብበው ጌሙን ከነሽፋኑ ያስገባሉ። መቶ ሳጥን በእጅ ከመጻፍ ጋር አይወዳደርም። ፕራይስቻርቲንግ ደግሞ ያለቀ ሽያጭን እየተከተለ የእያንዳንዱን ጌም ዋጋ ያሳያል፤ ዲስኩ ወይም ካርትሪጁ ብቻውን ሲሆን፣ ከነሳጥኑና ከነመመሪያው ሲሟላ፣ ያልተከፈተ አዲስ ሲሆን እያለ ይለያል። ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ «ይህ አለኝ ወይስ የለኝም?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ኪሳችሁ ውስጥ ነው። ያንኑ ጌም ሁለቴ መግዛት ስብስቡ ሲበዛ በእውነት የሚደርስ ነገር ነው። ስብስቡን ኢንሹራንስ ለማስገባት ለሚያስብም የፎቶና የዋጋ ዝርዝር ከዚህ የተሻለ የሚሰጥ የለም።

ማስጠንቀቂያዬ ዋናው ገጽ ላይ በትልቁ ስለሚታየው ቁጥር ነው። ያ ቁጥር የገበያ ዋጋ ነው። ሲኤልዜድ የተገዛበትን ዋጋና ቀን የምታስገቡበት ቦታ አለው፤ ባዶ አትተዉት። ካልሞላችሁት አፑ የሚነግራችሁ «ስብስብህ ይህን ያህል ያወጣል» የሚለውን ብቻ ነው፤ ይህም ለተጨማሪ ግዢ ልብ ይሰጣል። የገበያ ዋጋ ደግሞ ገዢ ተገኝቶ፣ የሻጭ ኮሚሽን ተቀንሶ፣ ማጓጓዣ ተከፍሎ የሚገኝ ገንዘብ ስለሆነ እጃችሁ ላይ የሚቀረው ከዚያ ያነሰ ነው።

በዲጂታል ጌም ላይ ስሕተቱ የባሰ ነው። ስቲምዲቢ የተባለው ድረ ገጽ የአካውንታችሁን ዋጋ የሚያሰላ ክፍል አለው፤ ሰዎች ውጤቱን «ይህን ያህል አውጥቻለሁ» ብለው ሲያሳዩ አያለሁ። የሚያሰላው ግን ጌሞቹን ሁሉ በዛሬው ዋጋ ብትገዙ የሚፈጀውን ነው፤ ጎን ለጎንም ሁሉም በታሪካቸው ዝቅተኛ ዋጋ ላይ ቢገዙ የሚሆነውን ያሳያል። የእናንተ እውነተኛ ወጪ ሁለቱም አይደሉም። የምትሸጡትም ነገር የለም፤ ዲጂታል ጌም የተገዛው የመጠቀም ፈቃድ ነውና። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የካሊፎርኒያ ሕግ ሻጮች ይህን ለገዢ በግልጽ እንዲናገሩ ያስገድዳል።

ይህ ልዩነት በሰንጠረዡ ላይ የሸጣችሁበት የሚለው አምድ ለምን እንደሚያስፈልግ ያሳያል። በ40 የገዛችሁትን ዲስክ ጨርሳችሁ በ25 ብትሸጡት የወጣባችሁ 15 ነው። በቅናሽ በ20 የወሰዳችሁት ዲጂታል ጌም ግን 20 ነው፤ ለዘለዓለም። ርካሽ የመሰለው ተወዶ ይገኛል።

ፕሌይናይትንና ባክሎግድን የሚጠይቁኝም አሉ። ፕሌይናይት ነጻና ምንጩ ክፍት የሆነ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው፤ ከስቲም፣ ከኤፒክ፣ ከጎግ ያላችሁን በአንድ መደርደሪያ ያሰባስባል። ባክሎግድ የተጫወታችሁትን መመዝገቢያ ነው። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ፤ ግን የከፈላችሁትን አያውቁም፤ ለዚህ ሥራ አትምረጧቸው።

የበጀት አፖች

ጥያቄያችሁ «ከዚህ በላይ እንዳላወጣ ምን ይያዘኝ?» ከሆነ፣ ከላይ ካሉት አንዱም አይመልሰውም። ሰንጠረዥ ያለፈውን ይነግራል እንጂ እጅ አይዝም። እንደ ዋይናብ ያለ የበጀት አፕ ገንዘባችሁን በወሩ መጀመሪያ በየፖስታው እንድትከፋፍሉ ያደርጋል፤ «ጌም» የሚለው ፖስታ ሲያልቅ ከሌላ ፖስታ ማንሳታችሁን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ከኪራይ ላይ ወስዶ ጌም ውስጥ መክተት በስክሪን ላይ ሲታይ ይከብዳል፤ የሚሠራውም ለዚህ ነው።

ጉድለቱ ዝርዝር አለመያዙ ነው። አፑ የሚያውቀው ለአንድ መደብር ይህን ያህል መከፈሉን ነው፤ ጌሙ ይሁን ተጨማሪ ይዘት፣ ተጫውታችሁት ይሁን አይሁን አያውቅም። ዋይናብ በክፍያ ነው የሚሠራው፤ ለጌም ወጪ ብቻ ብሎ መክፈል አይመከርም፤ ለጠቅላላ ኑሯችሁ የምትጠቀሙበት ከሆነ ግን አንድ ፖስታ መጨመር ምንም አይጠይቅም። የትኛውንም ብትመርጡ መረጃውን በሲኤስቪ ፋይል (ማንኛውም ሰንጠረዥ በሚከፍተው ቀላል ፋይል) ማውጣት እንደሚቻል አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ሚንት እጅግ ብዙ ተጠቃሚ የነበረው ነጻ አፕ ሆኖ ሳለ ማርች 2024 ተዘግቷል። እኔም ለሁለት ዓመት የሞላሁት ሌላ አፕ ያለ ማስጠንቀቂያ ጠፍቶብኝ እንደገና ከዜሮ ጀምሬያለሁ፤ ሌላ ሰው ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

ስለ ደብተር በአጭሩ፦ በወር አንድ ሁለት ጌም ለሚገዛ ሰው ይበቃል። ድምር ግን አይሠራላችሁም።

ታዲያ የትኛው?

ሁሉንም በአንድ መደብር በዲጂታል የምትገዙ ከሆነ ምንም አዲስ ነገር አያስፈልጋችሁም፤ የመደብሩን ታሪክ በሦስት ወር አንዴ መገልበጥ ይበቃል። ከሁለት መደብር በላይ ከሆነ ወደ ሰንጠረዥ ሂዱ። ስብስባችሁ በአብዛኛው ዲስክና ካርትሪጅ ከሆነ የስብስብ አፕ ያዙ፤ የተገዛበትን ዋጋ በገዛችሁበት ዕለት እያስገባችሁ። ገንዘቡ ከአቅም በላይ እየወጣ ያስጨነቃችሁ ሰዎች ግን በጀት ጀምሩ፤ ያለፈውን መደመር በኋላ ይደረሳል።

ከሰንጠረዡ የሚወጡ ሁለት ቁጥሮች ላይ ያለኝን ሐሳብ ልጨምር። ብዙዎች የከፈሉትን በተጫወቱበት ሰዓት አካፍለው ጌሙ ርካሽ ነው ውድ ነው ይላሉ። በ60 ተገዝቶ 30 ሰዓት የተጫወታችሁት በሰዓት 2 ይመጣል፤ በ15 ተገዝቶ በ4 ሰዓት ያለቀው 3.75። በዚህ ሒሳብ አጭሩ ይሸነፋል፤ ያ የአራት ሰዓት ጌም ግን ዓመቱን ሙሉ ከልቤ ያልወጣው ሊሆን ይችላል። ሰዓትን መለኪያ ካደረጋችሁ ራሳችሁን ሳታውቁ ሰዓት ለማራዘም ብቻ ወደ ተሠሩ ጌሞች ትሳባላችሁ፤ ስለዚህ አልጠቀምበትም።

የምጠቀምበት ሌላው ነው፦ ተከፍሎባቸው ጭራሽ ያልተጀመሩ ጌሞች ድምር። ለዚህ ነው ጀምራችሁት እንደሆነ የሚጠይቅ አምድ ያስገባሁት። የቅናሽ ሰሞን ሲመጣ ሰንጠረዡን ከፍቼ መጀመሪያ የማየው ይህን ቁጥር ነው፤ ከሌላው ሁሉ ይልቅ እጄን የያዘኝ እሱ ነው።

የድሮ ደረሰኝ የጠፋባችሁ ጌሞች ይኖራሉ። እነሱን ፍለጋ ብላችሁ ጅማሬውን አታዘግዩ። በጊዜው የነበረውን ዋጋ በግምት ጻፉና ከጎኑ «ግምት» የሚል ቃል አኑሩበት፤ በኋላ ድምሩን ስታዩ ምን ያህሉ የተረጋገጠ፣ ምን ያህሉ የተገመተ እንደሆነ መለየት ትችላላችሁ። ከዛሬ ጀምሮ ያለውን ግን የክፍያው መልእክት ስልካችሁ ላይ በደረሰበት ሰዓት አስገቡት።